«ቀደም» ውስጥ ያለው ደም

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እናንተ «እሺ» እያላችሁ ስሙኝ፣ እኔም ልቀጥል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳትና ዕቃዎች በአንድ ቋንቋ በሚያወሩበት ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ የእንስሳት ትምህርት ቤት ነበረ። የትምህርት ቤቱ አለቃ አያ ዝሆን ነበር። አንዲት ኮምፒውተርም ነበረቻቸው፤ እሷም ኢንተርኔት በሚባለው መንገድ የሩቅ አገር ሊቃውንት የጻፉትን ሁሉ ታመጣላቸው ነበር።

ታዲያ ዝንጀሮዎቹ ትምህርታቸውን ትተው ቁማር ሲጫወቱባት ተገኙ። አያ ዝሆን ተቆጣና ወንፊት የሚባል ማጣሪያ አምጥቶ ኮምፒውተሯ ደጃፍ ላይ አቆመው። የክፉ ቃላት ዝርዝርም ሰጠው፤ ቁማር፣ መርዝ፣ ደም። ከእነዚህ አንዱ ያለበትን እንዳያሳልፍ አዘዘው። ወንፊት ታማኝ ነበርና እሺ አለ።

ከዕለታት አንድ ቀን የእመት ፍየል ሦስት ግልገሎች ወንዝ ዳር የማያውቁትን ቅጠል በሉ። ሆዳቸው ተነፋ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። እናታቸው ቅጠሉን በአፏ ይዛ፣ እያለቀሰች ወደ መምህርቷ ወደ እመት ጉሬዛ ሮጠች። እመት ጉሬዛም ሊቃውንት ስለ ቅጠላ ቅጠል ያጠኑት ጥናት እንዳለ ታውቅ ነበርና ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች።

መጀመሪያ መርዝ ስላላቸው ተክሎች የተጻፈ ጥናት ጠየቀች። ወንፊት መርዝ የሚል አይቶ ዘጋባት።

ሁለተኛ ስለ ፍየሎች የደም ምርመራ ጠየቀች። ደም የሚል አይቶ ዘጋባት።

ሦስተኛ ቃሏን መርጣ፣ ቀደም ሲል ይህን ቅጠል የበሉ ፍየሎች በምን እንደዳኑ ጠየቀች። አሁንም ዘጋባት።

«ምነው ወንፊት፣ አሁን ደግሞ ምን አገኘህብኝ?» አለችው።

«ቀደም ብለሻላ። ቀደም ውስጥ ደም አለ» አላት።

ትንሿ ግልገል አንገቷን ማቅናት አቅቷት ነበር። እመት ጉሬዛ ከወንፊት ጋር አልተከራከረችም፤ ሄዳ አያ ዝሆንን መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ ለመነችው። ሲደርሱ ዝንጀሮዎቹ ቦታዋን ይዘው ቁማራቸውን ይጫወታሉ። ለካ ፊደሎቹን አራርቀው «ቁ ማ ር» ብለው እየጻፉ ወንፊትን ያልፉት ኖሯል።

አያ ዝሆን ወንፊትን ሌባውን አሳልፈህ መምህርቷን ለምን ትመልሳለህ ሲል ጠየቀው።

«አያ ዝሆን፣ እኔ ቃል እንጂ ነገር አላውቅም» አለ ወንፊት። «ዝርዝር ሰጠኸኝ፤ ማን ለምን እንደሚፈልገው ጠይቅ ግን አላልከኝም።»

አያ ዝሆን ጆሮውን ጣለ። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አወቀ። ከዚያ በሩ እንዲከፈት አዘዘ። ጥናቱ መጣ፤ የቅጠሉ ሥዕልም ማርከሻውም ነበረበት። እመት ጉሬዛ ማርከሻውን በጥብጣ አጠጣቻቸው። ሁለቱ ግልገሎች ከሰዓት በኋላ ቆሙ። ትንሿ ግን እናቷን አስጨንቃ በማግስቱ ተነሳች፣ ጡትም ጠባች።

ከዚያ ወዲህ ወንፊት የተጠራጠረውን ከመዝጋቱ በፊት እመት ጉሬዛን እንዲጠይቅ ተደረገ። መጀመሪያ ላይ በቀን አሥር ጊዜ እየጠየቀ አሰለቻት፤ እሷ ግን ታግሳ አስረዳችው። እያደር ነገር ገባው፤ ዝንጀሮዎቹንም ፊደል ቢያራርቁ ይይዛቸው ጀመር። አገሩ ሁሉ ደስ አለው፤ ከሁሉም ይበልጥ ደስ ያለው ግን ወንፊት ራሱ ነበር።

እኔ የሰማሁትን አወራኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ነገር የማያውቅ ዘበኛ፣ ሌባውን አስገብቶ ሐኪሙን ይመልሳል።