ቦታቸውን የተለዋወጡ ቁልፎች

«ከመቅናትሽ በፊት በየትኛው እጇ እንደምትቀኚ ለይተሽ ዕወቂ።»

ይህን ያሉኝ ጋሽ ሽኩር ናቸው። ጊዜው ሩቅ ነው፤ ያኔ ልጄ ኢክራም ገና ጡት አልተወችም፤ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። ጋሽ ሽኩር ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው። እኔና ነስራ ደግሞ ከጎናቸው ባለችው ጠባብ ክፍል ሹሩባ እንሠራ ነበር። እሳቸው ከሰዓት በኋላ በራፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ የሰፈሩ ሰው የከበደውን ነገር ይዞ የሚሄደው ወደዚያች ወንበር ነው።

ነስራ ከእኔ በኋላ ነው የመጣችው። እኔ አንድ ራስ ስጨርስ እሷ ሁለት ትጨርሳለች። ሰው እኔ ባዶዬን ተቀምጬ እያየኝ የሷን ተራ ይጠብቃል። እንዲያውም አንዷ ደንበኛዬ፣ «የኢክራም እናት፣ አንቺ ጋ የተቀመጥኩ እንደሆነ የኋላውን እስክትጨርሺ የፊቱ ያድግብኛል» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገሩ ግን ከነከነኝ። ነስራ አሥረኛን ጨርሳለች፤ እኔ ሰባተኛን ሳልጨርስ ነው ደብተሬን ያስቀመጥኩት። ይህም ተጨመረበት። ሌት ተቀን እጇን ነበር የማስበው።

ፀጉር የምትከፍልባት ቀጭን ጭራ ያላት ቀይ ማበጠሪያ ነበረቻት። የፍጥነቷ ምስጢር ሁሉ ማበጠሪያዋ ውስጥ ያለ መሰለኝ። አንድ ቀን ነስራ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ማበጠሪያዋን አንስቼ ከኢክራም ጨርቆች መሀል ከተትኳት። ነስራ ተመልሳ፣ «ቀይዋን ማን አያት? ኧረ አሁን እዚህ ነበረች!» እያለች መፈለግ ያዘች። ልጄን አዝዬ ጨርቁን ይዤ ወጣሁ፤ ጋሽ ሽኩር በራፍ ላይ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ የሰው እጅ የሚፈጥነው አላህ ሰጥቶት ነው ወይስ በዕቃው ነው?» አልኳቸው።

«በማን ቀንተሽ ነው?» አሉኝ።

ጨርቁን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የጻፍኩትን የተናገሩት። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ።

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ የሙሽሮችን ፎቶ በኮምፒውተር ያሳምራል። ከጎኑ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ኮምፒውተራቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ወንበራቸውም አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሙሽራዋን ሲጨርስ ሁለተኛው ሙሽራዋንም ሚዜዎቿንም ጨርሶ ሻዩን ይጠጣል።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው በብሩሽ ነው፤ በእጅ የሚያዝ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ብሩሽ። ለጉንጭ ሰፊ መሆን አለበት፣ ለሽፋሽፍት ቀጭን። ለጠባሳ ጠንከር ማለት አለበት፣ ለግንባር ፈዘዝ። የመጀመሪያው ሰው ብሩሹን ማጥበብ በፈለገ ቁጥር በማውሱ ወደ ስክሪኑ አናት ይወጣል፣ ዝርዝሩን ይከፍታል፣ ያጠብበዋል፣ ይዘጋል፣ ወደ ሙሽራዋ ዓይን ይወርዳል። ከዓይኗ ወደ ጉንጯ ሲዞር ደግሞ ማስፋት አለበት፤ ስለዚህ እንደገና ይወጣል። ቀኑን ሙሉ እንደ ውሃ ቀጂ ሲወጣና ሲወርድ ይመሽበታል።

ባለ ፎቶ ቤቱ ሁለቱን ጠርቶ፣ «የሠርጉ ወር እስኪያልቅ አያችኋለሁ። በቀን አርባ ፎቶ የማያደርስ ሰው ወንበር የለውም» አላቸው። ሰውየው የሚያደርሰው ሃያ ነበር። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሌላ ሙያ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ትቶ የወንበር ጎረቤቱን ማየት ያዘ።

መጀመሪያ ያየው ቀኝ እጁን ነው። ማውሱ የተለየ መሰለውና አንድ ጠዋት ቀድሞ ገብቶ የራሱን በጎረቤቱ ማውስ ለወጠ። ያን ቀን እሱ ሃያ አደረሰ፤ ጎረቤቱም እንደ ልማዱ አርባውን አለፈ።

ሰንብቶ ግን አንድ ነገር አየ። የጎረቤቱ ግራ እጅ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ኪቦርዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች። አንዷን የቅንፍ ቁልፍ ስትነካ ብሩሹ ይጠብባል፤ አጠገቧ ያለችውን ስትነካ ይሰፋል። ሁለት ቁጥርን ስትነካ ይፈዝዛል፤ ዘጠኝን ስትነካ ይጠነክራል። ሰውየው ወደ ስክሪኑ አናት ወጥቶ የአንድ ደቂቃ መንገድ የሚሄድበትን ጎረቤቱ በአንድ ጣት ይጨርሰዋል።

ያን ቀን ሊማር ይችል ነበር። የሚማረው አራት ቁልፍ ነው፤ ኪቦርዱ ደግሞ በእሱም ጠረጴዛ ላይ አለ። ቅናት ግን ያየውን ነገር ለራሱ አያመጣም፤ ከሌላው ላይ መንቀል ነው የሚቀናው። ዓርብ ጎረቤቱ ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ ሰውየው በመቀስ ጫፍ የጎረቤቱን ቁልፎች ክዳን ነቀለ። የሁለቱን ቅንፎች ክዳን አቀያየረ። የሁለትን ክዳን በዘጠኝ፣ የዘጠኝን በሁለት ላይ ተከለ። ከዚያም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ጎረቤቱ ሲደናበር ለማየት ተዘጋጀ።

ጎረቤቱ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሠራ። ምንም አልሆነም። ዓይኑ ከሙሽራዋ ፊት አልተነሳም። ቁልፎቹን ካያቸው ስንት ዓመቱ! እጁ ነው የሚያውቃቸው።

የሠርጉ ወር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ጎረቤቱ ወንበሩን አዞረና፣ «ወንድሜ፣ ስትወጣና ስትወርድ አይሃለሁ። ና እዚህ ተቀመጥ፣ አንድ ነገር ላሳይህ። ሁለታችንም አርባ ካደረስን ሁለታችንም ሥራችን ላይ እንቆያለን» አለው።

ሰውየው በጎረቤቱ ወንበር ተቀመጠ፤ ጎረቤቱ ከኋላው ቆመ።

«ለዓይኗ ይጥበብ። የግራውን ቅንፍ ንካ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የግራ ቅንፍ የተጻፈባትን ፈልጎ ነካ። ብሩሹ ሰፋ፤ የሙሽራዋ ዓይን ጠፋ።

«አይዞህ፣ ይመለሳል። አሁን ጉንጯን ፈዘዝ አድርገው፤ ሁለትን ንካ።»

ሁለት የተጻፈባትን ነካ። ጉንጯ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጣ።

«ምን ነካህ? ይቺን እኮ ነው የምልህ» ብሎ ጎረቤቱ በትከሻው ላይ እጁን አሳልፎ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ነካ። ብሩሹ ታዘዘው። «አየህ? ለእኔ ይሠራል። በል ድገመው።»

ሰውየው ደገመ፤ አሁንም ፊቷ ተበላሸ። ጎረቤቱም አልሰለቸውም፤ እንደገና አሳየው። ሰውየው የትኛዋን ክዳን የት እንደተከለ ራሱም ተምታታበት። «ቁልፎቹ ተቀያይረዋል» ቢል «በምን ዐወቅህ?» ይባላል። ዝም ቢል ወንበሩን ያጣል። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው፤ «እኔ ነኝ» የምትል። እሷን መናገር አቃተው።

«ተወኝ ወንድሜ፣ ለእጄ አልተሰጠውም» ብሎ ተነሳ። ወሩ ሲያልቅ ጃኬቱን ይዞ ወጣ። ጎረቤቱ እስከ ዛሬ በዚያው ኪቦርድ ይሠራል። ክዳኖቹም እንደተቀያየሩ ናቸው። አላያቸውም።

እዚህ ላይ ጋሽ ሽኩር ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ቀናተኛ ሰው የሌላውን መንገድ ለማጥፋት ምልክት ይነቅላል። መንገዱን የሚያውቀው ግን ምልክት አያይም። ምልክት የሚያስፈልገው ከኋላ ሊከተል ለመጣው ነው። እንግዲህ የጠፋው ማን ነው? አንቺም ስትቀኚ ቀኝ እጅ ላይ አትፍጠጪ። ግራዋን እዪ፣ ያልገባሽን ጠይቂ። የነቀልሽው ነገር ካለ ግን ከመጠየቅሽ በፊት መልሺው፤ አለዚያ ብታስተምርሽም አይገባሽም።»

«ምን ነቀልኩ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን ዐውቃለሁ» አሉና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ጀርባዬ ላይ ኢክራም ተንጠራራች። ያቀፍኩት ጨርቅ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ነስራ ማበጠሪያዋን አጥታ በእስክሪብቶ ጫፍ ፀጉር ትከፍላለች። ፍጥነቷ ቅንጣት አልቀነሰም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ እጇን አየሁ። ቀኟ አንዱን ጉንጉን ሳትጨርስ ግራዋ የሚቀጥለውን ፀጉር ለይታ፣ በትንሿ ጣት ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ግን አንዱን ጨርሼ፣ እጄን አውርጄ፣ ከዚያ ነበር ሌላ መለየት የምጀምረው።

ጨርቁን ፈትቼ ቀይዋን ማበጠሪያ አወጣሁ።

«ውይ! የት አገኘሻት?» አለች ነስራ።

«እኔ ነኝ የደበቅኳት።»

ደንበኛዋ አንገቷን አዙራ አየችኝ። ነስራም አየችኝ፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ማበጠሪያዋን ተቀብላ እስክሪብቶውን ጣለችና ወደ ፀጉሩ ተመለሰች።

ዱካ መቀመጫዬን ሳብኩና በግራዋ በኩል ተቀመጥኩ።