የዘውድነሽ ወተት

ተረቴ ከላም በረት ይነሣል፤ ከፋብሪካ በር ይደርሳል።

ጋሽ ተክለየስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ማለዳ ወተት በአህያ ጭነው ከወተት ፋብሪካው በር ደረሱ። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነበር፤ ፀሐዩ ሳይከር ወተታቸው እንዲገባላቸው።

«ክፈትልኝ፣ ልጄ፤ ወተቴ ሊበላሽ ነው።»

«መዛኟ ሳትጠራዎት አልከፍትም» አለ ዘበኛው።

«መዛኟ፣ መዛኟ፣ ጥሪኝ! ዘበኛው በር አይከፍት፣ ወተቴ አይገባ።»

«የግዥ ኃላፊዋ ሰናይት ሳታዝዘኝ አልጠራም።»

«ሰናይት፣ ሰናይት፣ እዘዢ! መዛኟ አትጠራ፣ ዘበኛው በር አይከፍት፣ ወተቴ አይገባ።»

ሰናይት በመስኮት ብቅ አለች። «ድሮ ነበር የማዝዘው እኔ። አሁን ኮምፒውተሩ ሳይፈቅድ አላዝም፣ ጋሼ።»

ድሮ ሰናይት ላሞቻቸውን በስም ታውቅ ነበር። ላም ስትወልድላቸው እንገር ትቀምሳለች፤ ሰው ሲሞትባቸው ለቅሶ ትደርሳለች። ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ግን ትእዛዙም በስልክ፣ መልሱም በስልክ ሆነ፤ መጠያየቅ ቀረ።

«ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተር፣ ፍቀድ! ሰናይት አታዝዝ፣ መዛኟ አትጠራ፣ ዘበኛው በር አይከፍት፣ ወተቴ አይገባ።»

ዘበኛው ሳቀ። «እሱ እኮ ጆሮ የለውም፣ ጋሼ!»

ሰናይት ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበችላቸው። «በተመዘገበው ስልክ የይለፍ ቁጥር ልኬያለሁ፤ ቁጥሩ ካልተነገረኝ አልፈቅድም ይላል። የተመዘገበው የእትዬ ዘውድነሽ ስልክ ነው። ምነው ዛሬ እሳቸው ቀሩ? እንቅልፍ ጣላቸው እንዴ?»

ጋሽ ተክለየስ ከደረት ኪሳቸው በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። ከሚስታቸው ቀብር ወዲህ አልከፈቱትም፤ ወተትም ይዘው አልመጡም ነበር።

«ስልክ፣ ስልክ፣ ተናገር» አሉ። «ኮምፒውተሩ አይፈቅድ፣ ሰናይት አታዝዝ፣ መዛኟ አትጠራ፣ ዘበኛው በር አይከፍት፣ የዘውዴ ወተት አይገባ።»

ስልኩ በራ። መልእክቱ ተግተለተለ፤ «ወተት ያቅርቡ። ወተት ያቅርቡ። ወተት ያቅርቡ።» ምን አገኛችሁ የሚል አንድም አልነበረበትም። በመጨረሻ ቁጥሩ መጣ። ቁጥሩን ለሰናይት አነበቡላት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ!» አለ ኮምፒውተሩ።

ሰናይት ጥቁሩን ጨርቅ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «መቼ ነው፣ ጋሼ?»

«አርባዋን ትናንት አወጣን፣ ልጄ። መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር። ለለቅሶ ትመጣላችሁ ብዬ።»

ያን ጊዜ ስልኩ ተናገረ፣ ኮምፒውተሩ ፈቀደ፣ ሰናይት አዘዘች፣ መዛኟ ጠራች፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፣ ወተቱ ገባ። ሲገባም ሰናይት «ነፍስ ይማር» አለች፤ መዛኟ «ነፍስ ይማር» አለች፤ ዘበኛው ቆቡን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ።

ኮምፒውተሩ ግን «ነገም ወተት ያቅርቡ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ» አለ።

ተረቴን መልሱ፤ ለቅሶ ግን ሳይረፍድ ድረሱ።