እርፍ ያስጨበጠው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ወሩ ሰኔ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ መሬቱ ረስርሷል፤ ከቀትር በኋላ ይጀምርና እስኪመሽ አያባራም። ደምቢያ ውስጥ ባለች አንዲት ጎጥ ሰው ሁሉ ለጤፍ መሬቱን ደጋግሞ ሲያርስ፣ የቢያድግልኝ ማሳ ብቻ ሳይነካ አረም አብቅሎ ቆሟል።

ቢያድግልኝ ነገር የማያበዛ፣ ፊቱ የማይፈታ ገበሬ ነው። በጥር ወር ከአውድማ ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ። ጎረቤት "መጋኛ መታው" አለ፤ የጤና ጣቢያው ሐኪም ስትሮክ ነው አለ። እግሩ ቀስ እያለ ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሥራው መቀመጥ ሆነ፤ መቀመጥ ይህን ያህል እንደሚያደክም ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር።

ሚስቱ ጠጂቱ በእጇ ታጎርሰዋለች። ቀኝ እጁ አይታዘዝም፤ በግራ እጅ ከገበታ መቁረስ ደግሞ በአገሩ ነውር ነው። ጎረቤቶቹም ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ጅጊ ወጥተው ሊያርሱለት ቀን ቆርጠዋል። ይሁን እንጂ ጅጊ ለአንድ ክረምት እንጂ ለዕድሜ ልክ አይወጣም። ይህን የሚያውቀው የጠጂቱ ወንድም አገኘሁ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

"የዘንድሮውን ጅጊው ይረስልህ" አለ። "ከከርሞ ጀምሮ መሬቱን እኔ በእኩል ልያዘው። አንተ ዕረፍ።"

ቢያድግልኝ ዕረፍ የሚለውን ቃል ጠልቶታል። በሽማግሌዎቹ ፊት፣ "ክረምቱ ሳይወጣ እርፍ ያስጨበጠኝ ሰው ካለ ዳለቻዋን ጊደር ይንዳ። ከሌለ መሬቱን ያዘው" አለ። ነገሩ በዚህ ታሰረ።

አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ኮሌጅ ስትገባ መርፌ የምትወጋ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ነበር፤ የደረሳት ግን ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚሉት ትምህርት ሆነ። በሽታ የጣለው ሰው መልበሱን፣ መብላቱን፣ የእጁን ሥራ መልሶ እንዲችል የሚረዱበት ሙያ ነው። አንድ ቀን ስታስረዳው ቆይታ ስትጨርስ፣ "ቁልፍ መቆለፍ ለማስተማር ነው አራት ዓመት?" አላት፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም።

በዚያ ሰኔ ኮሌጁ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን ለመስክ ልምምድ ወደዚያው ቀበሌ ላከ። ደንቡ ተማሪ የገዛ ዘመዱን አያክም ይላል። ስለዚህ አንጓች ሌላ ቤት ተመደበች። ወደ አባቷ ቤት የተመደቡት ሁለት ጓደኞቿ ናቸው፤ ኦብሳ የሚባል ከወለጋ የመጣ የአናጢ ልጅ፣ እና ጭቃ ረግጣ የማታውቅ ብሩክታዊት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ።

ኦብሳ እጁን ሳይሆን እርፉን መረመረ። ማሳው ዳር ተቀምጦ ጎረቤት ሲያርስ ዋለ፤ ገበሬው እርፉን መቼ እንደሚጫን፣ ድንጋይ ሲመጣ መቼ እንደሚያነሣው አየ። ከዚያ የወይራ እንጨት ጠርቦ በእርፉ ላይ አግድም ተከለና ጠፍር አሰረበት፤ ጣት የሚያጣውን ኃይል የእጅ አንጓ እንዲሰጥ ነው። ቢያድግልኝ ሞከረው። አንጓው ይጫናል፤ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ግን ጣቶቹ ሳይጨብጡ እጁ ሾልኮ ወጣ፣ እርፉም ደረቱን መታው። በሬዎቹን ፈታ፤ እንጨቱን ከግድግዳው አስደግፎ ገባ።

ብሩክታዊት የያዘችው ጣቱን ነው። ጫማዋን ጭቃው እየበላባት በየቀኑ ትመጣለች። ሽምብራ ከአንድ ጣባ ወደ ሌላው እንዲያስተላልፍ ፊቱ ታስቀምጣለች።

"አባባ፣ አንዷን ብቻ ያንሷት።"

"ደክሞኛል።"

"ምን ሠርተው ነው የደከሙት?"

"ተቀምጬ።"

እሷ ግን አትነሣም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዛ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ እየዘፈነች፣ እያዛጋች፣ አንዳንዴም እያንቀላፋች። ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሰውየው ግን ሽምብራውን አያይም፤ የሚያየው ደጁን ነው። ምሳ ሲደርስ ጠጂቱ ታጎርሰዋለች፤ እጁም ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል።

አንጓች ለአባቷ እንጨት አልጠረበችለትም፤ ጣቱንም አልነካችም። አንድ ማታ ግን እናቷን ከማጀት አገኘቻት።

"እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ አታጉርሺው።"

"ባሌን በረሃብ ልግደለው?"

"እጁን እየገደለው ያለው ጉርሻሽ ነው።"

በማግስቱም የጅጊው መሪ አያ ፈንታ ቤት ሄደች። "ጅጊያችሁን መልሱ" አለች።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"ማሳው ጦሙን ቢያድርስ?"

"ይደር።"

አያ ፈንታ በዕድሜው ሁሉ ጅጊ የሚመልስ ቤት ሰምቶ አያውቅም። "ጅጊ የመለሰ ሰው ሲሞት ሬሳውን ማን ይሸከምለታል?" አለ፤ ተቆጥቶም ሰዎቹን በተነ። ቢያድግልኝ ይህን የሰማው ከመንገደኛ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁን ስም አልጠራም።

ማታ ገበታው ፊቱ ቀረበ። ጠጂቱ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ደብቃ ተቀመጠች። ሰውየው እንጀራውን አየ፣ እሷን አየ፣ ተነሥቶ ተኛ። በማግስቱም እንዲሁ። ከቀትር በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ግራ እጁ ቀኙን አንሥቶ ገበታው ላይ ጣለው። ጣቶቹ ወጡን አንቦጫረቁት እንጂ እንጀራውን አልቆረሱም። ተሳደበ፤ ማንን እንደ ሰደበ አልታወቀም። መልሶ ሞከረ። በመጨረሻ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ አንዲት ቁራሽ ይዘው ተነሡ። ግማሹ ጭኑ ላይ ወደቀ፣ ግማሹን በላ።

ብሩክታዊት ስትመጣ፣ "ያን ሽምብራሽን አምጪ" አላት።

ከዚያ በኋላ በቃኝ ያለችው እሷ ነበረች እንጂ እሱ አልነበረም። ከሽምብራ ወደ ገመድ፣ ከገመድ ወደ ጅራፍ እጀታ አለፉ። ሐምሌ ተጋምሶ ሳለ ከግድግዳው የተደገፈውን እንጨት አነሣ፣ በሬዎቹን ራሱ ጠመደ፣ አንጓውን በጠፍሩ አስገብቶ በጣቶቹ ጨበጠ። ድንጋይ መጣ፤ እርፉን አነሣው፣ አለፈ። አገኘሁ ከድንበሩ ላይ ቆሞ ያያል።

"ትልምህ እባብ ይመስላል" አለው።

"እባብም ቢሆን የእኔ ነው" አለ ቢያድግልኝ።

ተማሪዎቹ ወደ ኮሌጃቸው የሚመለሱ ዕለት ሽማግሌዎቹ ሊመርቋቸው ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል። ቢያድግልኝ ዳለቻዋን ጊደር እየሳበ መጣና፣ "ቃሌ አለ። የማን ናት?" አለ።

አያ ፈንታ ቀደመ። "የኦብሳ ናት። እኔ ያየሁት እንጨቱን ነው። ለራሴም አንድ ጥረብልኝ ብዬዋለሁ፤ ጉልበት ሲከዳኝ ይሆነኛል።"

"ጣቱ ባይታጠፍ እንጨቱ ግድግዳ ሲደግፍ ይከርም ነበር" አለች ጠጂቱ። "ያች ልጅ ጫማዋን በእኛ ጭቃ ጨርሳለች።"

"እኔን እንኳ ተዉኝ" አለች ብሩክታዊት። "ጊደር ይዤ ብሄድ የዶርሙ ዘበኛ አያስገባኝም።" ሰው ሳቀ። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጣቱን ያነቃሁት ግን እኔ ነኝ" አለች።

"እኔም እንጨቱን አልክድም" አለ ኦብሳ።

ስለ አንጓች የተናገረ አልነበረም። መጨረሻ ላይ አገኘሁ ወደ አንጓች አመለከተ። "እንጨቱንም ሽምብራውንም አልፈራሁም ነበር። ያን መሬት ያስቀረችብኝ እሷ ናት።"

"ጅጊ መልሳ!" አለ አያ ፈንታ። "እጁ ባይነሣ ቤቱ ዘንድሮ ምን ይበላ ነበር? ሲሳካ ጥበብ፣ ሳይሳካ ግድያ ነው። ደግሞስ አንድ ጣቱን ነክታዋለች?"

"አንቺስ?" አለ ቢያድግልኝ፣ ልጁን ሳያይ።

"እኔ ጊደር አልፈለግሁም።"

"ይህን አልጠየቅሁሽም።"

አንጓች መሬቱን አየች። "እነሱ ባይኖሩ እኔ ያደረግሁት ጭካኔ ብቻ ነበር። እኔ ባልኖር ግን እነሱ ደክመው ይመለሱ ነበር።"

ቢያድግልኝ ገመዱን እንደ ያዘ ቆመ። ጊደር አይቆረስም። ሸጦ ለሦስት እንዳያካፍል ቃሉ ስለ አንድ ሰው ነው። ለልጁ ቢሰጥ ከጓዳው ወደ ጓዳው አዛወራት ይባላል፤ ቢነፍጋት ደግሞ ቤቱ ጭር ባለበት በዚያ ቀን ገበታው ላይ የሆነውን እሱ ያውቃል። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አባቶች። የተናገረውና የወለዳት ግን ያን ቀን አንድ ላይ ፊቱ ቆመው ነበር። ደከመው፤ በመቀመጥ አልነበረም።

ወሰነ። "ሰው በልጁ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም" አለና ገመዱን ከግራሩ አሰረው። "እናንተ ፍረዱ። የተፈረደለት ፈትቶ ይንዳት።"

ከዚያ ዞር ብሎ፣ "አንጓች፣ በሬዎቹን አምጪልኝ" አለ። አመጣችለት። ዝናቡ ሳይመለስ የቀረውን ማሳ ሊያርስ ወረደ።

ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እናንተም ከግራሩ ሥር ተቀምጣችሁ ብትሆኑ ኖሮ፣ ገመዱን ለማን ትፈቱ ነበር? እንጨቱን ለጠረበው፣ ጣቱን ላነቃችው፣ ወይስ ጉርሻውን ለከለከለችው?