ዳገቱ ላይ የጠፋው የሞተር ድምፅ

ተረትና ምሳሌው ድሮም ነበረ፤ ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም። እኛ መንደር ግን ሰው ይህን ተረት ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ልጆች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁን የዘምዘምን ነገር እንነግራቸዋለን።

ዘምዘም የአቶ አሊ የበኩር ልጅ ናት። አባቷ ያልፈቀዱትን ሰው አግብታ ኮምቦልቻ ቀረች። ከዚያ ወዲያ አቶ አሊ ስሟን አላነሱም፤ ሰው ካነሳባቸውም ብድግ ብለው ይወጡ ነበር። ኋላ ሕመም ጥሏቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ግን ወንድማቸውን ሸህ ሙሄን አስጠርተው፣ “ያችን ልጅ አምጡልኝ። አውፍ ሳልላት፣ ይቅር ሳልላት ብሞት ለአላህ ምን እመልሳለሁ?” አሏቸው።

ተደወለላት። በማግስቱ ማለዳ አስፋልቱ የሚያልቅበት ከተማ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ ጋራ የሚወጣ መኪና የለም፤ ያለው ሞተር ሳይክል ነው። ሽኩር የሚባል ባለሞተር ስታገኝ፣ ሞተሩ ሰሞኑን አመል አውጥቶ፣ ዳገት ሲይዝ እየተንተፋተፈ ይጠፋበት ነበርና መጀመሪያ ሜካኒኩ ኑርዬ ዘንድ ይዟት ሄደ።

ኑርዬ ሰልባትዮውን፣ ቤንዚን መያዣውን፣ ከፍቶ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ዝጓል፤ ዝገቱ እየወረደ ካርቡሬተሩን ደፍኖታል። ቤንዚን የሚያወርደው ጎማም ደርቆ ኖሮ ሊያወልቀው ሲስበው ጫፉ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ። መያዣውን አጥቦ፣ መለዋወጫ ሱቁ ሲከፈት አዲስ ጎማ እንደሚገጥም ነገራቸውና እስከዚያ ሻይ እንዲጠጡ አግዳሚውን አሳያቸው።

“አባቴ እየሞተ ነው ወንድሜ፤ እንዴት ብዬ ሻይ እጠጣለሁ?” አለች ዘምዘም።

“ሱቁ አሁን ይከፈታል እህቴ። ይሄ ጎማ ያንን ዳገት አይችልም።”

ወደ ሽኩር ዞረች። ሽኩር ኑርዬ ልክ እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን እሱም እናቱን ከቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ፊቷን አይቶ እምቢ ማለት አቃተው። ካርቡሬተሩን ብቻ እንዲያጸዳለትና ጎማውን እንደ ምንም እንዲያስርለት ኑርዬን ለመነው። ማሰሪያም አልነበረም። ዘምዘም የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ቀድዳ ሰጠችው። ኑርዬ ያጠረውን ጎማ ስቦ ሰካና በጨርቁ ጠፍሮ ካሰረው በኋላ በቀስታ እንዲነዳ አስጠነቀቀው።

በቀስታ አልነዳም። ወንዙን ተሻግረው ኮረኮንቹን ሲያያዙት ዘምዘም “ትንሽ ፍጠን” እያለች ትከሻውን ትይዘው ነበር። እኩለ ዳገት ላይ ቤንዚን ሸተታት። ቀሚሷም እግሯ ላይ ረጥቧል። ብትነግረው ያቆማል ብላ ፈራችና ዝም አለች። እንደዚያው እየወጡ ከመንደሩ ትይዩ ያለው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። ሽኩር ወርዶ ሲያይ ጨርቁ ላልቶ ወልቋል፣ ጎማው ተንጠልጥሏል፣ መያዣው ውስጥ ጠብታ የለም። ከበስተኋላቸው ድንጋዩ ላይ እርጥብ መስመር ይታያል።

ከዚያ ቦታ የአቶ አሊ ቤት ቆርቆሮ ፊት ለፊት ያበራል፤ በእግር ግን ገደሉን ዞሮ መውጣት ነው። ዘምዘም ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ሽኩርም ሞተሩን ድንጋይ አስደግፎ ተከተላት። ደጃፉ ሲደርሱ ቀትር አልፏል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ነው። አቶ አሊ ተከድነዋል።

ሸህ ሙሄ አንገቷን አቅፈው አስቀመጧት። ልትጠይቃቸው የፈራችውንም እሳቸው ሳይደብቁ ነገሯት።

“ሞተሩን ሰምቶት ነበር ልጄ። ‘መጣች፣ ቀና አድርጉኝ’ አለን። ፊቱን ወደ በሩ አዞርነው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ብዙ ጠበቀ። ኋላ ‘ተመለሰች’ አለ። አልተመለሰችም ብንለው አላመነንም።”

“አውፍ ሳይለኝ?”

ሸህ ሙሄ መሬት መሬት አዩ። “ከዚያ ወዲያ አልተናገረም” አሏት።

ሽኩር በሩ አጠገብ ቆሞ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ኑርዬን ሰምተው ቢሆን ረፋዱ ሳይገፋ እዚህ ይደርሱ እንደነበርም አልሸሸገም። ዘምዘም ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ያስቸኮለችው እሷ እንደሆነች፣ ቤንዚኑ ሲሸታትም ዝም እንዳለች ተናገረች። ሸህ ሙሄ ራሷን ደባብሰው፣ በወቀሳ ሳይሆን ሐዘን በሰበረው ድምፅ፣ “አይ ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አሉ።