የጋሽ ጥላዬ ቴነር

በአንድ ወቅት፣ ምድር ባቡሩ ቆላውን እያቋረጠ ወደ ጅቡቲ በሚመላለስበት ዘመን፣ ከሐዲዱ ዳር ካሉት ሞቃት ከተሞች በአንዷ ዘርፌ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ዘመዶቿም ሩቅ አገር ነበሩ። ያላት ባሏ ብቻ ነው፤ የባሏ ግማሽ ልብ ደግሞ ሳክስፎን ላይ ነበር። እሷ ግን በዚህ አታኮርፍም። ከጓዳ ሆና ሲነፋ ስትሰማ ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስላት ነበር።

ባሏ ጋሽ ጥላዬ የከተማዋ የሙዚቃ ጓድ አለቃ ነው። ጓዱ አራት ሳክስፎኖች ነበሩት፤ እሱ አራቱ ወንድማማቾች ይላቸዋል። ትንሹ ሶፕራኖ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ድምፁ ቀጭንና ነገረኛ። ቀጥሎ አልቶ አለ፤ ሰርግ ቤት ሁሉ የሚወደው እሱ ነው። ሦስተኛው የጎልማሳ ድምፅ ያለው ቴነር ነው፤ ይኼ የጋሽ ጥላዬ የራሱ ነበር። ታላቁ ባሪቶን ነው፤ የተሸካሚውን ወገብ ይፈትናል፣ ሲናገር ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ይሰማል። የአራቱም የጣት አያያዝ አንድ ዓይነት ነው። አፍና ትንፋሽ ግን ለየብቻ ነው፤ ሁሉም የራሱን ሰው ይመርጣል።

ጋሽ ጥላዬ አዲስ ተማሪ ሲመጣለት ከመሣሪያው በፊት ታሪኩን ያስይዘዋል።

«ይኼን ዕቃ የፈጠረው አዶልፍ ሳክስ የሚባል የቤልጂግ ሰው ነው» ይላል። «ገላው ነሐስ፣ ምላሱ ሸምበቆ። ከነሐሶቹም ከእንጨቶቹም ጋር አልመደብ ብሎ አስቸገረ። ተቀናቃኞቹ ሰውየውን በክስ አንከራተቱት፤ ከሰረ፣ ደኽይቶ ሞተ። ዕቃው ግን ከወታደር ባንድ ጋር ዓለምን ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ።»

ተማሪው ስለ ቤልጂጉ ሰው ሲያዝን ነው ጋሽ ጥላዬ ሳክስፎኑን የሚያስነካው። ያላዘነ ተማሪ ከበሮ ክፍል ይላካል።

ዘመን ተለወጠና ጓዱ ተበተነ። ተጫዋቾቹ በስንብት ክፍያ ፈንታ በየእጃቸው የነበረውን መሣሪያ ይዘው እንዲሄዱ ተደረገ። ጋሽ ጥላዬ ግን ያን ጊዜ ሳንባውን ታሞ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቴነሩ ከተቀደዱ ከበሮዎችና ከዛጉ ወንበሮች ጋር መጋዘን ቀረ። መጋዘኑ ሲጸዳም ከነግሳንግሱ ለአንድ ብረት አቅላጭ ተሸጠ። አቅላጩ ክፉ ሰው አልነበረም። ነሐስ እያቀለጠ የቧንቧ መክፈቻ ይሠራል፤ ሳክስፎንም ለእሱ ነሐስ ነው።

ወሬውን ቀድሞ የሰማው ባሪቶን ነፊው ግዛው ነው። ግዛው እንደ መሣሪያው ትልቅና ዝግ ያለ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሮጠ። ሲደርስ ምድጃው ተያይዟል፤ ቴነሩም በመዶሻ ተመትቶ ተራውን እየጠበቀ ነው።

«ይኼን ስጠኝ» አለ።

«የቧንቧ ሥራ ተቀብያለሁ። ነሐስ ከጎደለኝ ምን ልሠራ ነው?»

«የምትፈልገው ነሐስ ብቻ ነው?»

«ሌላ ምን ይፈለጋል?»

ግዛው ቤቱ ሄዶ ባሪቶኑን ተሸክሞ መጣ። አቅላጩ አንሥቶ ቢመዝነው ከቴነሩ ይከብዳል፤ ደስ አለው። ግዛው ባሪቶኑ እሳት ውስጥ ሲገባ ቆሞ አየና ቴነሩን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚነፋው ነገር የለውም። ሰው ሲጠይቀው «ለምጄዋለሁ» ይላል። አልለመደውም።

የመጣው ግን ሳክስፎን ነው ለማለት ይከብድ ነበር። ቁልፎቹ ተጣምመዋል፣ ገላው ተጨርምቷል፣ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑትን የቆዳ መክደኛዎች አይጥ በልቷቸዋል። በከተማዋ እንዲህ ያለ ዕቃ መጠገን የሚያውቅ ሰው የለም። አልቶ ነፊው ሙክታርም አያውቅም፤ ሆኖም እኔ እሠራዋለሁ አለ። ከዚያም እንዴት እንደተሠራ ለማየት የራሱን ደኅና አልቶ ፈታ። አንዱን እያየ ሌላውን አቀና። ጭርምቱን ከውስጥ በእንጨት ድብልብል እየገፋ አወጣው፤ ከስስ የፍየል ሌጦ መክደኛ ቆረጠ፤ ከልብስ ስፌት መርፌ የቁልፍ ሞላ ሠራ። መርፌ አልሆን ያለበት ቦታ ላይ የአልቶውን ሞላ እየነቀለ አስገባ። ሚስቱ ስለ ሰርጎቹ ስትጠይቀው «ሰርግ የትም አይሄድም» አላት፤ ሰርጎቹ ግን ሄዱ፣ ሌላ ነፊ ያዙ። ቴነሩ ድምፅ ባወጣ ዕለት አልቶው ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ነበር።

«አልቶህስ?» አለችው ዘርፌ።

«እሱማ መጽሐፍ ሆነልኝ፣ እትዬ። እያነበብኩ ገነጣጠልኩት።»

ጋሽ ጥላዬ ከሆስፒታል ሲመለስ ቴነሩን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ዳሰሰው፣ ጣቶቹን በየቦታቸው አሳረፈ፣ አፉን አስጠጋና ነፋ። የወጣው ሳል ብቻ ነው። ሳንባው ለንግግር እንኳ የማይበቃ ሆኖ ነበር። ዘርፌ ባሏ ሲያለቅስ ያየችው ያን ዕለት ነው፤ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ውሃ አመጣችለት።

ሶፕራኖ ነፊው አስናቀ እዚያው ነበር። ጋሽ ጥላዬ በችኮላው ሁልጊዜ የሚቆጣው እሱን ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጣትዎን ይስጡኝ» አለ። «ትንፋሹን እኔ ልስጥ።»

ፊት ለፊቱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና አፍ መንፊያውን ወደ ራሱ አዞረ። ሽማግሌው ቁልፎቹን ነካ፤ ወጣቱ ነፋ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀ። እነሱ ግን ሙቀቱ በረድ ሲል በየቀኑ ተቀመጡ። አስናቀ የጋሽ ጥላዬን ትከሻ እያየ፣ ትንፋሽ የት እንደሚፈለግ፣ የት እንደሚቆረጥ፣ ትዝታው ላይ የት ቀስ ተብሎ እንደሚለቀቅ አወቀ። ውሎ አድሮ መንገደኛ «ጋሽ ጥላዬ ዳነ እንዴ?» ይል ጀመር። ጅቡቲ ያለ ሆቴል አስናቀን ለሥራ ጠርቶት ነበር፤ አልሄደም። አፉም ቴነር ለምዶ ሶፕራኖውን እንቢ አለ።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ጥላዬ ለሚስቱ «ቴነሩን ድምፄን ላተረፈው ስጪ» አላት።

«ማነው እሱ?»

«ታውቂዋለሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዘርፌ አላወቀችውም፤ ነገ እጠይቀዋለሁ ብላ ተወችው።

ሳትጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳ ሆና ስትሰማ፣ ዜማው አንድ ድምፅ ላይ ቆመ። አልተለወጠም። አስናቀ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋ ስለነበር የሽማግሌው ጣቶች መቆማቸውን አላየም፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ያንኑ ድምፅ ይዞ ነፋ። ዘርፌ ግን ገና ድምፁ ሳያበቃ ባሏ መሞቱን አውቃ ነበር።

ዘርፌ የባሏን ቃል ለሦስቱም ነግራቸው ነበርና፣ ከተዝካሩ በኋላ በየተራ መጡ።

ግዛው የተሰበረውን የደጅ በር ሲያበጅ ውሎ፣ ሊሄድ ሲል «እኔ ባልደርስ ዛሬ የቧንቧ መክፈቻ ነበር» አለ። «እጄ ባዶ ነው፣ እትዬ። ሌላ አልልም።»

ሙክታር ቴነሩን ለማየት ሣጥኑን ከፈተ። «ግዛው ያመጣው የተቀጠቀጠ ነሐስ ነው፤ ድምፅ ያበጀሁለት እኔ ነኝ» አለ። «የማያውቅ እጅ ከገባ ይበላሻል። ሳይነፋ ከተቀመጠም ሌጦው ይደርቅና ያበቃለታል።»

አስናቀ ሣጥኑን አልነካም። «እነሱ ዕቃውን አተረፉ» አለ። «ጋሼ ያሉት ግን ድምፄን ነው። እሱ ያለው እኔ ደረት ውስጥ ነው። የጅቡቲው ሆቴል እንደገና ጠርቶኛል፤ ያለ ቴነር ብሄድ ምን ይዤ ልሄድ?»

ዘርፌ ሁሉንም «እውነትህን ነው» አለቻቸው፤ የሦስቱም እውነት ነበረ። ጭንቋ ግን ሌላም ነበረው። ለግዛው ብትሰጥ እዚሁ ይቀራል፤ ነገር ግን ግዛው ቴነርን እንደ ባሪቶን እየገፋ ስለሚነፋው የባሏን ድምፅ አትሰማም። ሙክታር እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል፤ ቴነሩ ግን ሳይሰበርም ሳይደሰትም ይኖራል። አስናቀ አንድ ቀን ሲነፋላት ባሏ የተቀመጠ መስሏት ከጓዳ እየሮጠች ወጥታለች። ለእሱ ብትሰጥ ግን ያ ድምፅ ባቡር ተሳፍሮ ባሕር ዳርቻ ለማታውቀው ሰው ይነፋል፤ እሷ ዝም ያለ ቤት ይዛ ትቀራለች።

ከሁሉ የሚያስፈራት ለሰው የማትናገረው ነገር ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ደጇን የሚያንኳኩት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ለእሷ ብለው ይምጡ ለቴነሩ ብለው አታውቅም። ለአንዱ በሰጠች ማግስት ይታወቃል። አልሰጥም እንዳትል ደግሞ ሌጦው እየደረቀ ነው።

አንድ እሑድ ሦስቱ፣ ሳይቀጣጠሩ፣ በአንድ ጊዜ ደረሱ። ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ወለሉን እያዩ ተቀመጡ። የአስናቀ ባቡር በማግስቱ ነው። ዘርፌ ሣጥኑን አውጥታ መሀላቸው አኖረችው፤ ሁለት እጆቿን ክዳኑ ላይ አሳርፋ አንዴ ግዛውን፣ አንዴ ሙክታርን፣ አንዴ አስናቀን አየች።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ ከእሳት አወጣው፣ የራሱንም ለእሳት ሰጠ። አንዱ ድምፅ መለሰለት፣ የራሱንም በተነ። አንዱ ለሟች ትንፋሹን አዋሰ፣ እንጀራውንም አሳለፈ። ሟቹ ደግሞ ስም ሳይጠራ ሄዷል። ስትፈርዱ ግን፣ ይህች ሴት እጇን ከሣጥኑ ላይ ባነሣች ማግስት ደጇን የሚያንኳኳ ማን እንደሚቀርላት አብራችሁ አስቡ። ቴነሩ የሚገባው ለማን ነው?