በሰም የታሸገው ማዞሪያ

አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ስሙ ማንደፍሮ። ሱቁ በአንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ፣ ከእህል ተራው ጀርባ ነበረች። ያኔ የቤት ሬዲዮ እንደ ሣጥን ግዙፍ ነው። ሆዱ ውስጥ ቫልቭ የሚባሉ፣ አምፖል የሚመስሉና ሲሞቁ የሚግሙ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ከእነሱ አንዱ ከደከመ ሬዲዮው ድምፁ ይጠፋል።

ማንደፍሮ በጥገናው ጎበዝ ነው ቢባልም፣ ከሁሉ የሚኮራው ግን ከመምህሩ በወረሰው የቫልቭ መመርመሪያ ነበር። መመርመሪያው የብረት እጀታ ያለው ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ቫልቭ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ከላይ ደግሞ ከመስታወት ጀርባ አንዲት ቀጭን መርፌ አለችው። መርፌዋ ወደ አረንጓዴው ከሄደች ቫልቩ በሕይወት አለ፤ ቀዩ ላይ ከቀረች ሞቷል። የገበያው ሰው ቆሞ ያያል፣ ማንደፍሮ ይፈርዳል። ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም።

መምህሩ ማሽኑን ሲያወርሰው አንድ ነገር አደራ ብሎት ነበር። "ይህ ማሽን የሚለካው በመብራት ነው፤ መብራት ደግሞ እንደ ሰው ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል። ስለዚህ ቫልቩን ከመለካትህ በፊት በዚህች ማዞሪያ መርፌዋን መነሻ ምልክቷ ላይ አድርሳት። ለእያንዳንዱ ቫልቭ፣ ሁልጊዜ።"

ማንደፍሮ ለጥቂት ዓመታት አደራውን ጠበቀ። ነገር ግን መርፌዋን ባያት ቁጥር ያው ምልክቷ ላይ ነች። ደንበኛ ፊት ቆሞ ማዞሪያ መነካካቱም የማያውቅ ሰው ያስመስለው ጀመር፤ ሐኪም በሽተኛው ፊት መጽሐፍ አይገልጥም ይል ነበር። አንድ ቀን ማዞሪያዋን ትክክለኛ ቦታዋ ላይ አቁሞ ቀይ የማኅተም ሰም አቀለጠና አሸጋት። ደስም አለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ተቀነሰለት።

በዓመቱ ከሱቁ አጠገብ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተተከለ። ወፍጮው ከረፋድ እስከ ምሽት ሲፈጭ የማንደፍሮ ጣሪያ ላይ ያለችው አምፖል ደከም ትላለች። እሱ ግን ሥራው ላይ አቀርቅሮ ስለሚውል ነገሬ አላለውም። ያስተዋለው ሌላ ነገር ነው፤ የሚመጡለት ቫልቮች ከድሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚሞቱ ሆኑ። አዲሱም አሮጌውም ቀይ ላይ ይቀራል። "ዘንድሮ የሚሠራው ዕቃ ሁሉ ውዳቂ ነው" እያለ ያማርር ነበር፤ ሰሚዎቹም እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ዓለም ረከሰች ሲባል የማይስማማ ማን አለ?

እንድሪስ የማንደፍሮ ወዳጅ ነበር። ሁለቱም ሙያውን የተማሩት ከአንድ መምህር ነው፤ ሱቃቸው ጎን ለጎን ነው፤ በዓል ሲመጣ አንዱ ቤት ያልተበላ አንዱ ቤት ይበላል። አንድ ጊዜ እንድሪስ ወደ ትልቁ ከተማ ሲሄድ ማንደፍሮ ቫልቭ እንዲያመጣለት ላከው። እንድሪስም አሥራ ሁለት ቫልቮች በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በካርቶን አድርጎ፣ እንዳይሰበሩ በጉልበቱ ላይ ታቅፎ አመጣ። ማንደፍሮ ከምሳ በኋላ አንድ በአንድ ሰካቸው። አሥራ ሁለቱም ቀይ ላይ ቀሩ።

እንድሪስ ቤቱ አንድ በአንድ ሬዲዮ ላይ ሰክቶ እንደሰማቸው፣ ደህና እንደሆኑ በወላሂ ማለ። ማንደፍሮ ግን ልቡ ተመረዘ፤ ደህናዎቹን ለራሱ አስቀርቶ የሞቱትን አመጣልኝ ብሎ አመነ። ነገሩ ወደ ሦስት የገበያ ሽማግሌዎች ሄደ። ሽማግሌዎቹም ከሰዓት በኋላ ሱቁ መጥተው፣ ወፍጮው ከጎን እያጓራ፣ መርፌዋ አሥራ ሁለት ጊዜ ቀይ ላይ ስትቀር በዓይናቸው አዩ።

እንድሪስ ያን ጊዜ ማሽኑን ትኩር ብሎ አይቶ፣ "ማንደፍሮ፣ እስቲ ሰሙን አንሳና መጀመሪያ መርፌዋን አስተካክላት፤ መምህራችን እንዳለን" አለው።

"ይህችን ማዞሪያ ካሸግኳት ቆይቻለሁ" አለ ማንደፍሮ። "አንድ ቀን አሳፍራኝ አታውቅም። ማሽን አይዋሽም፤ ሰው ነው የሚዋሽ።"

ሽማግሌዎቹ ስለ ማሽን የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም ፍርድ ሆነ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው በአንድ የገበያ ቀን ከተማውን አዳረሰው። ቫልቭ ይለውጣል በተባለ ሰው እጅ ሬዲዮውን የሚሰጥ ጠፋ። እንድሪስ ስድስት ወር ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ መበየጃውን ሸጦ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ጫማና ጃንጥላ የሚጠግን ሆነ። ማንደፍሮ አሥራ ሁለቱን ቫልቮች ከነካርቶናቸው "ሞቷል" ብሎ ጽፎባቸው፣ የፈረደባቸውን ሁሉ ከነባለቤታቸው ስም በሚያጠራቅምበት ትልቅ ሣጥን ውስጥ ጨመራቸው። ያንን ሣጥን በቀልድ መቃብር ይለው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ማንደፍሮም በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ከመተዉ በቀር ነገሩን ረስቶት ነበር።

አንድ ቀን እማማ ድንቅነሽ የሚባሉ አሮጊት ሬዲዮአቸውን ለተሸካሚ አስይዘው መጡ። ሬዲዮው ድምፁ ይቆራረጣል፣ ገመዱ ላልቶ ይሆናል አሉ። ማንደፍሮ ቫልቮቹን አውጥቶ ለካና ሁሉም እንደሞቱ ነገራቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ዜና ሰምቼበታለሁ" አሉት።

እሱ ፈገግ ብሎ ሬዲዮውን ይተዉት፣ የሚሆነውን አያለሁ አላቸው። አሮጊት ምን ያውቃሉ ብሎ ነው።

በማግስቱ የወፍጮው ሞተር ተቃጠለና ሰፈሩ ጸጥ አለ። ማንደፍሮ የእማማ ድንቅነሽን ቫልቮች ወደ መቃብሩ ከመክተቱ በፊት እስቲ አንዱን ልድገመው ብሎ ሰካው። መርፌዋ ተነስታ አረንጓዴው ላይ ቆመች። ሁለተኛውን ሰካ፤ አረንጓዴ። ሦስተኛውም አረንጓዴ። ትናንት የሞተ ዛሬ ሲነሳ ማንደፍሮ ተአምር አላለም፤ ማሽኑ አርጅቶ ቃዠ አለ።

ስለዚህ ሊያድሰው ወሰነ። ብሎኖቹን ፈትቶ ከፈተው። ውስጡ አቧራ ጠግቧል፤ የገመዶቹ ልባስ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ የቀዳዳዎቹ ጥርሶች ጠቁረዋል። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጥጥ በአልኮል እየነከረ ጠረጋቸው። ገመዶቹን እንዳይሳሳት አንዱን ፈትቶ አንዱን እየተካ ለወጣቸው። እንጨቱን በዘይት አሸው። አራት ቀን ፈጀበት፤ ደግሞም ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት ሠርቶ አያውቅም። የማኅተም ሰሙን ብቻ አልነካም፤ ጌጥ ይመስለው ነበር።

በአምስተኛው ቀን የታደሰውን ማሽን በእማማ ድንቅነሽ ቫልቭ ሲሞክር መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ቆማለች። እሱ እየተደሰተ ሲያያት የወፍጮው አዲስ ሞተር ከጎን ተነሳ። የጣሪያው አምፖል ደከም አለ። መርፌዋም ዓይኑ እያየ ቀስ ብላ ወርዳ ቀዩ ላይ ተኛች። ወፍጮው ሲቆም ተነሳች። ሲጀምር ተኛች። ማንደፍሮ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ከዚያ ቢላ አምጥቶ ሰሙን ፋቀ። ለዓመታት ያልተነካችውን ማዞሪያ ያዛት። ወፍጮው እያጓራ መርፌዋን መነሻ ምልክቷ ላይ አደረሳት፤ ቫልቩንም ለካ። አረንጓዴ።

ከመቃብሩ መጀመሪያ ያወጣው የእንድሪስን ካርቶን ነው። አንዱ ቫልቭ በእርግጥ ሞቶ ነበር። አሥራ አንዱ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ሞቷል" የሚለውን የእጅ ጽሑፉን ለብሰው።

እውነቱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሣጥኑን ወንዝ ውስጥ ቢወረውረው ያበቃል። ከተናገረ ደግሞ ሙያው ይዋረዳል፤ በዚያ መርፌ የተፈረደበት ሬዲዮ ሁሉ እየተነሳ ይጠይቀዋል። ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ሰው ነውና እንፍረድበት አንልም፤ የስንታችን እግር ወደ ወንዙ በሄደ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማማ ድንቅነሽ በሩን አንኳኩ። ማንደፍሮ የላላውን ገመድ አጥብቆ ሬዲዮውን ከፈተላቸው፤ ሬዲዮውም ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረ። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ከሞት አስነሳህልኝ፣ እጅህ ይባረክ፣ ስምህ ይጠራ እያሉ መረቁት። ማንደፍሮ ምርቃቱን መሸከም አቃተው።

"እማማ፣ አልሞተም ነበር" አላቸው። "ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ።"

አንዴ አፉን ከከፈተ የቀረውን ማስቀረት አልቻለም፤ የወፍጮውንም፣ የሰሙንም፣ የእንድሪስንም ነገር ሁሉ ነገራቸው። እማማ ድንቅነሽ እስኪጨርስ ሰሙትና፣ "ታዲያ ይህን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ባለቤቱ መናኸሪያው ጋ ተቀምጦ የለም?" ብለው ሬዲዮአቸውን አስይዘው ሄዱ።

በዚያ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይሄዳል፤ የተበደለው "አውርድ" ካላለው አያወርድም። ማንደፍሮ የገበያውን ቀን ጠበቀ፤ የእንድሪስ ስም የጠፋው በገበያ ፊት ነውና። በድንጋይ ፋንታ መመርመሪያውን ጫንቃው ላይ አደረገ፤ ካርቶኑን በብብቱ ያዘ። ሰዉ እየተገረመ መንገድ ለቀቀለት። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ገና በሕይወት ነበሩ፤ እነሱንም ከእህል ተራው አስከትሎ መናኸሪያው በር ደረሰ።

እንድሪስ የአንዲት ሴት ጫማ እየሰፋ ነበር። ቀና ብሎ አየውና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ማንደፍሮ ጎንበስ ብሎ ቆመ። እንድሪስ ያኛውን ጫማ ጨርሶ ሁለተኛውን አነሳ። ፀሐይ ከረረች፤ ማንደፍሮ ግን አውርድ የሚለው አላገኘም። እንድሪስ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ጫማዎቹን ለባለቤቷ ከሰጠ በኋላ ነው የተናገረው።

"አውርደው።"

ማንደፍሮ አወረደው። ሁሉም እየሰማ፣ አሥራ አንዱ ቫልቮች ደህና እንደነበሩ፣ እንድሪስ አንድም እንዳልለወጠ፣ ሰሙን አንሳ ሲለው በትዕቢቱ እምቢ እንዳለው ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እንድሪስ እጁን ዘርግቶ ማዞሪያዋን ነካት። ዞረች።

"እንዲህች ያለች ትንሽ ነገር" አለ ቀስ ብሎ። "ይህችን ብቻ እኮ ነበር የለመንኩህ።"

ማንደፍሮ ያለቅስ ነበር። "ማረኝ" አለው።

"ምሬሃለሁ" አለ እንድሪስ። "ዘጠኙን ዓመት ግን አንተ ልትመልስልኝ አትችልም፣ እኔም አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ሣጥንህ ውስጥ ያሉትን በሙሉ እንደገና ለካቸው፤ የባለቤቶቹንም በር በእግርህ አንኳኳ።"

ማንደፍሮም እንደተባለው አደረገ። ይህም አንድ ዓመት ፈጀበት፤ አንዳንዱ በር ተዘጋበት፣ አንዳንዱ ጋ ተሰደበ፣ አንዳንዱ ጋ ምሳ ተጋበዘ። እንድሪስ ወደ ሬዲዮ ሥራው አልተመለሰም፤ ጫማውን ለምዶት ነበር። ነገር ግን ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ወደ ማንደፍሮ ሱቅ ጎራ ይላል፤ ማንደፍሮም ቫልቭ ከመስካቱ በፊት ማዞሪያዋን ወደ እሱ ገፋ ያደርግለታል። እንድሪስ መርፌዋን ምልክቷ ላይ ያደርሳታል። ከዚያ ነው የሚለካው።

ወዳጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እያደር ሲጠራ ግን የሰው ዕድሜ አብሮ ያልፋል። ማንደፍሮ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ማሽኑም የተበላሸ አልነበረም። ጥፋቱ ትናንት ልክ ስለነበረ ዛሬም ልክ ነኝ ማለቱ ነው። እኛም ድካም፣ ቂም ወይም የሰፈር ጫጫታ ውስጣችንን ባወረደው ቁጥር ደህናው ሰው ሁሉ የሞተ ይመስለናል። የምናገኘው ሰው ሁሉ ውዳቂ ከሆነብን፣ ምናልባት መታየት ያለበት ሰዉ ሳይሆን መለኪያችን ነው። ሰውን ከመለካታችን በፊት መርፌያችንን እናስተካክል፤ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሁልጊዜ።

እስቲ ይህን ያነበቡ እርስዎ ዛሬ ሣጥንዎን ከፍተው ይዩ፤ "ሞቷል" ብለው ጽፈውበት የረሱት፣ እስከ ዛሬ ግን በሕይወት ያለ ሰው ማን ነው?