ጎንበስ ቀና የሚሉት ሹም

ልጆች፣ አርፋችሁ ተቀመጡ! አንቺም የምነግራችሁን ሳትስቂ ጻፊ።

አንድ ባለጋሪ ነበረላችሁ፤ ከፈረሱና ከጋሪው በቀር ሀብት የሌለው። አንድ ቀን የመንገዱን ዳር ይዞ ሲሄድ፣ የከተማው ሹም አቶ ደምመላሽ መኪናቸውን እየነዱ ከኋላው መጡ። ስልክ ላይ ናቸው፤ የደወለው ደግሞ አለቃቸው። «እሺ ጌታዬ!» ባሉ ቁጥር፣ አለቃቸው የሚያያቸው ይመስል መሪው ላይ ጎንበስ ይላሉ። አንዴ በጣም ጎንበስ ብለው ኖሮ፣ ጓ! ከጋሪው ጋር። ጋሪው ላይ ተኝቶ የነበረው ባለጋሪ ከእንቅልፉ ባነነ። እሳቸው ከመኪና ሲወርዱም ስልኩን ይዘው ገና እጅ ይነሳሉ።

ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ ሹሙ ቀደም ብለው፣ «ይኼ ሰው ተኝቶ ነው የሚነዳው! ፈረሱም ጋሪውም ይወረስ!» አሉ።

«እውነት ተኝተህ ነበር?» አለው ትራፊኩ።

«አዎ፣ ተኝቼ ነበር።»

ሰው ሁሉ «ወይኔ፣ አለቀለት!» አለ።

ባለጋሪው ወደ ሹሙ ዞሮ፣ «እኔ ብተኛም ፈረሴ ነቅቶ መንገዱን ያያል፤ ለማንም እጅ አይነሳም። እርስዎ አቀርቅረው እጅ ሲነሱ ግን፣ ክቡርነትዎ፣ መንገዱን ማን ነበር የሚያይልዎት?» አላቸው።

ትራፊኩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «መንጃ ፈቃድዎን ያምጡ» ሲላቸው፣ አቶ ደምመላሽ «ታውቀኛለህ?» ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱ፣ ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ... ቆይ፣ እየጠሩኝ ነው፤ አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ!